የጋሽ በረዶ ፍሪጅ

እኔ አርባ ዓመት ፍሪጅ ጠግኛለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ በረዶ ይለኛል፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዬ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ግን የሠራሁትን ስትሰሙ «ይኼ ሰውዬ ስለ ቅዝቃዜ ምንም አያውቅም» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። የጎዳን አለማወቄ አይደለም፤ አውቃለሁ ባይነቴ ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፋችው ኮት ባለቤቱ አርጅቶ እንኳ ስፌቱ አያረጅም። ከስድስት ዓመት በፊት ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ማበጥ ጀመሩ። መጀመሪያ «ብርድ ነው» አልን፤ ቀጥሎ «ዕድሜ ነው» አልን። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ፣ የገዛ ሰውነቷ መገጣጠሚያዎቿን እንደ ጠላት ቆጥሮ እያጠቃት መሆኑን ነገሩን። በጣም ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ፤ ሰው በሚስቱ ጉልበትና አንጓ ላይ ይጮሃል?

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ሕግ ወጣ፤ ክዳን አይጠብቅም። የስኳሩ ጠርሙስ፣ የዘይቱ፣ የእጅ ቅባቷ፣ ሁሉም ላላ ብሎ ይቀመጣል። እየዞርኩ የማላላው እኔ ነኝ። እሷ «አላላልኝ» ብላኝ አታውቅም፣ እኔም «አላላሁልሽ» ብያት አላውቅም። ሕጉ የወጣው አንድ ቀን የስኳሩን ጠርሙስ በጉልበቶቿ መሀል ይዛ፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልላ ስትታገለው ድንገት ገብቼ ካየኋት በኋላ ነው። አንጀቴን በላችው።

ኪኒኖቹ አንድ በአንድ ተሞከሩ። አንዱ ጨጓራዋን ላጠው፣ ሌላው ፀጉሯን አረገፈው፣ ሦስተኛው ጉበቷን ነካ ተባለ። በመጨረሻ በየሁለት ሳምንቱ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ታዘዘላት። ይኼ መድኃኒት ከየትም አይገዛም። የሚሰጠው አንድ ለብቻው ያለ መድኃኒት ቤት ነው፤ ሳሙናና የሳል ሽሮፕ የለበትም፣ ግድግዳውን ይዘው የቆሙት ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ናቸው። ደንበኞቹ በሙሉ እንደ እኛ የከረመ ሕመም ያለባቸው ናቸው። መድኃኒቱን በፎም ሳጥን አድርገው ይሰጡሃል፣ ከዚያ ደግሞ ስልክ እየደወሉ «ወሰዱት? አሳከካቸው? ትኩሳት አለ?» እያሉ ይከታተሉሃል።

የመጀመሪያ ቀን ያስተናገደችን ፋርማሲስት የልጄ እኩያ ናት። ረጋ ብላ ማስረዳት ጀመረች። «ጋሼ፣ ይኼ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው...»

«ልጄ፣» አልኳት፣ «ለዓሣ ዋና ታስተምሪያለሽ?»

ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ልጅቷ ሳቀች፣ ግን ማስረዳቷን አላቆመችም። እኔ ነኝ መስማት ያቆምኩት። ጆሮዬ የአንዱን ማቀዝቀዣ ሞተር ያዳምጥ ነበር፤ ማራገቢያው ትንሽ ያንቋርራል። የሰጠችኝን ወረቀት አራት ቦታ አጥፌ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እዚያው ቀረ።

አሁን ስለ ፍሪጄ ልንገራችሁ። ከሦስት ከሞቱ ፍሪጆች አንድ ሕያው የሠራሁት ነው። በሩ የአንዱ፣ ሞተሩ የሌላው፣ ሆዱ የሦስተኛው። በእኛ በኩል መብራት ጠፋ መጣ ስለሚል፣ የመድኃኒቱን ነገር ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ሞተሩን በቃህ የሚለውን ቴርሞስታት ነቅዬ ጣልኩና በቀጥታ አገናኘሁት። መብራት ለግማሽ ቀን ቢጠፋ እንኳ ቅዝቃዜው ንቅንቅ እንዳይል! መድኃኒቷንም በክብር ቦታ አስቀመጥኩላት፤ ከኋላ፣ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር አስጠግቼ። እጄን አስገብቼ ለካሁ። በዕድሜዬ ቴርሞሜትር ይዤ አላውቅም፤ እጄ ነው ቴርሞሜትሬ። «እንዲህ ነው ፍሪጅ ማለት!» አልኩ።

የመርፌው ቀን ሲደርስ በጠዋት ከነማሸጊያው አወጣና ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እራሴ እወጋታለሁ። ጥርት ያለ፣ ውሃ የመሰለ ነው። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞርና «ቶሎ በል፣ አንተ ጨካኝ» ትለኛለች። ስድስት ጊዜ ወጋኋት። ሦስት ወር ሞላ። ጣቶቿ ግን እንደዚያው ናቸው፤ እንዲያውም የቀኝ አውራ ጣቷ ባሰበት።

ዶክተሩ እጇን አገላብጦ አየና ተነፈሰ። «እስከ ሐሙስ የደም ውጤቱን ልይ። ካልተለወጠ ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ መዝግቤ አቆመዋለሁ። አንዴ እንደዚያ ከተመዘገበ ውድ መድኃኒቶችን የሚፈቅደው ኮሚቴ ይኼን ዳግም አይፈቅድም። ከዚህ በኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሕመም ከማስታገስ ሌላ ብዙ የሚቀረን የለም» አለን።

ስንመለስ ባለቤቴ ቤት ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ ከዚያ የአየሩን ነገር እንደሚያወራ ሰው ሆና፣

«ማሽኑን ለእህቴ ልጅ ልስጣት መሰለኝ» አለችኝ። «ዝም ብሎ አቧራ ከሚጠጣ።»

ያ የልብስ ስፌት ማሽን እኔን ከማግባቷ በፊት የነበረ ነው። እሱን መስጠት ማለት እጆቿን መቅበር ማለት ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ፋርማሲስቷ ደወለች። «ጋሼ፣ መድኃኒት አልሠራም ሲባል እኛ መጀመሪያ የምናየው አቀማመጡን ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚመዘግብ ትንሽ ዕቃ ልስጥዎትና ለጥቂት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኝ።»

ደሜ ፈላ። «የእኔን ፍሪጅ?»

«ፍሪጅዎን አይደለም የጠረጠርኩት ጋሼ፣ ዲግሪውን ነው።»

«ስሚ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ...» ብዬ ጀምሬ ስልኩን ዘጋሁባት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆና ሰምታ ነበር። «ምን አለችህ?»

«የማይረባ ነገር።»

«የማይረባ ከሆነ ሄደህ አምጣው። ልክ ከሆንክ ታሸንፋታለህ፣ አይደል?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራ በየት በኩል እንደምያዝ ጠንቅቃ ታውቃለች። ሄጄ አመጣሁት። ክብሪት የሚያክል ዕቃ ነው፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ዲግሪ ይጽፋል፣ ከጎኑ ያለችው ቀይ ቁልፍ ደግሞ የተመዘገበውን ታጠፋለች። ከመድኃኒቱ ሳጥን አጠገብ፣ ከኋላ አስቀመጥኩትና ሲቀዘቅዝ ቁልፏን ተጭኜ እንደ አዲስ አስጀመርኩት።

ረቡዕ ጠዋት እሷ ፊቷን ስትታጠብ አወጣሁት። ከፍተኛው አንድ። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች አራት።

«ተበላሽቷል» አልኩ ወዲያው። የሙያ ሰው ግን ዝም ብሎ አይልም፣ ይፈትሻል። አንድ ብርጭቆ ውሃ በበረዶ ሞላሁና ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልዬ ነከርኩት። በረዶ የሚዋኝበት ውሃ ዜሮ ነው፤ ይኼን ማንም ጀማሪ ጠጋኝ ያውቀዋል። ጠበቅኩ። ዜሮ አለ። ዕቃው ጤነኛ ነው።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የቀሩትን ሁለት መርፌዎች ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋቸው። ውስጣቸው ነጭ ሆኗል፤ በረዶ። ለካ ሁልጊዜ የማያቸው ጠረጴዛው ላይ ከሟሙ በኋላ ነበር። ኮቴን ከመስቀያው አውርጄ ያንን ወረቀት ፈለግኩ። አራት ቦታ እንደታጠፈ አለ። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፦ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ። በረዶ ከሠራ ቢሟሟም አይወሰድ፤ ኃይሉን ያጣል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እኔ ጠምጥሜ ጨርሼ ነው የተማርኩት። ስድስት ጊዜ ሆዷን ወግቻታለሁ፣ ስድስት ጊዜም የወጋኋት መድኃኒት አልነበረም።

የማልክደው ነገር አለ። አውራ ጣቴ ቀይዋ ቁልፍ ላይ አርፎ ነበር። አንዴ ብጫናት ማንም አያውቅም። ቴርሞስታቱን እመልሳለሁ፣ «ይኸው ፍሪጄ» እላለሁ፣ ጋሽ በረዶ ጋሽ በረዶ ሆኖ ይቀጥላል። ግን ነገ ሐሙስ ነው። ዝም ካልኩ ዶክተሩ «አልሠራም» ብሎ ይጽፋል፤ የሚፈረድበት መድኃኒቱ ነው፣ የምትቀጣው ግን እሷ ናት። ጣቴን አነሳሁ። ቢሆንም ቤት ውስጥ ልነግራት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ «ስሚ...» ብዬ ጀመርኩ፣ ሦስቴም «ሻይ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጨረስኩት። በሦስተኛው «ምን ነካህ፣ ሻይ ልትነግድ ነው?» አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ፋርማሲስቷም መዝገቧን ይዛ ዶክተሩ ክፍል ተቀምጣለች። ዶክተሩ የደም ውጤቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀና እስክሪብቶውን አነሳ።

«እንዳትጽፍ!» አልኩ። ከመቀመጫዬ መነሳቴን ያወቅኩት ሁሉም ቀና ብለው ሲያዩኝ ነው። «መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በረዶ አድርጌዋለሁ።» ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ፋርማሲስቷ ቁጥሩን አየች። «ነግሬዎት ነበር» ብትለኝ ይገባኛል። አላለችኝም። «ስድስቱም?» ብቻ አለች።

«ስድስቱም።»

ባለቤቴን ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። እንደምንም ዞርኩ። በጣም ቀስ ብላ፣ «ለነገሩ ወተቱ በረዶ ሲሠራ አይቻለሁ» አለችኝ።

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«መድኃኒቱም እንደዚያ የሚፈልግ መስሎኝ ነዋ። አዋቂው አንተ አይደለህ?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው አልሠራም ማለት አልችልም። ገና አልተሞከረም» አለ። ለኮሚቴው ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ፋርማሲስቷ ቅጽ አወጣችና ጥፋቱን በእጄ ጻፍኩ። ከታች «የአስታማሚው ሙያ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ልጅቷ አይታኝ «ከፈለጉ ይዝለሉት ጋሼ» አለችኝ። አልዘለልኩትም። የፍሪጅ ጠጋኝ ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ።

ኮሚቴው ፈቀደ። በአዲሱ ሳጥን ፊት ልጅቷ ማስረዳቷን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እኔም እንደ ተማሪ እጄን አጣምሬ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ስልክ ስለዘጋሁባትም ይቅርታ ጠየቅኳት። ያንን የማራገቢያቸውን ማንቋረርም ጠገንኩላቸው። ቤቴ ገብቼ ቴርሞስታቱን መለስኩ፣ ሳጥኑን መሀለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፣ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፍኩት። ዕቃው አምስት ዲግሪ ይላል። በቀን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። ማሽኑን ወደ እህቷ ልጅ ቤት እንዳትልክ ለመንኳት፤ «እስከ አራት ወር» አለችኝ።

አንድ ወር አለፈ፣ ምንም የለም። ሁለት ወር አለፈ። እኔ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። አፍሬ ስለነበር «እንዴት ነው ጣትሽ?» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ሻይ ላፈላ ቀድሜ ተነሳሁ። የስኳሩን ጠርሙስ አንስቼ ክዳኑን ጠመዘዝኩት። እምቢ አለ። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ድጋሚ ሞከርኩ። ጭራሽ። «ይኼን ማነው እንዲህ ያጠበቀው?» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኔ አላጠበቅኩትም። በዚህ ቤት ደግሞ ሁለት ነን።

ጠርሙሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ መጣች።

«ምን ሆነሃል?»

«ክዳኑ እምቢ አለኝ» አልኩ።

«ስጠኝ እስቲ» አለችና ከእጄ ወስዳ ከፈተችው።