ሞጣ ላይ የተሰቀለው አባወራ

አካለ ወልድ ሞጣ ችሎት ሲቆም ዳኛው ሳይቀሩ ተስተካክለው ይቀመጡ ነበር። ነገረ ፈጅ ነው፤ የሰው ሙግት ይዞ መቆም እንጀራው ነው። ሞተ የተባለ ነገር ይዞ ገብቶ ድል ይዞ ይወጣል። ይሄ ሁሉ አንበሳነት ግን መሬት ላይ ነው። እግሩ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ካለ ያገኘውን እንጨት አቅፎ ይቀራል። ይህን ጉዱን ከፈጣሪውና ከወንድሙ ከገብረ ኪዳን በቀር የሚያውቅበት የለም። እሱ እንዲያ ነበር የሚመስለው እንግዲህ።

በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ሰኔ፣ ከሰዓት በኋላ የተነሣ ነፋስ የሣር ቤቱን ክዳን ባንድ ወገን ገሽልጦ፣ ጫፉ ላይ የተደፋውን የሸክላ ጉልላት አሽቀንጥሮ ጣለና እንክትክቱን አወጣው። ጉልላት የሌለው ሣር ቤት ሲዘንብበት ውኃው ምሰሶውን ይዞ ቁልቁል እቤት ይገባል። ሚስቱ ባንቺዓለም የደረሰ ጠላ ነበራትና በማግሥቱ ጎረቤቱን ለደቦ ጠራች። ወንዶቹ ሰንበሌጥ ተሸክመው መጡ፤ ሲያቀብሉ፣ ሲያስሩ፣ ሲከድኑ ዋሉና ሥራው አለቀ። የቀረ አዲሱ ጉልላት ብቻ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ወግ ጉልላቱን የሚያኖረው አባወራው ራሱ ነው። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለሌላ የተወ እንደሆነ ዕድሜ ልኩን “ራስ የለሽ” ሲባል ይኖራል። ይሄ ስም ችሎት ገባ ማለት በቃ፣ ማን ነገሩን አምኖ ይሰጠዋል? ቤቱ ሲሠራ አካለ ወልድ ምች መታኝ ብሎ ተከናንቦ ተኛ፤ ወንድሙ ተተክቶ አኖረለት። አሁን ወንድምዬው ሥራ አግኝቶ ቢቸና ገብቷል።

“ውጣ እንጂ ልጄ፣ ደመናውን አታየውም?” አሉት ቄስ ወልደ ሰንበት። የሰፈሩ የነፍስ አባት ናቸው፤ ወግ ሲጓደል አይወዱም።

“አባቴ፣ ዛሬ በዓል አይደለም እንዴ?”

“ሚካኤል ትናንት አለፈ።”

“ክዳኑ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው። ሣሩ እስኪተኛ…”

“ሣሩስ ተኝቷል። የቆምኸው አንተ ነህ።”

ደቦው በሣቅ ፈነዳ። ባንቺዓለም ጣልቃ ገባች። “ወገቡን ያመዋል አባቴ። እኔ ብወጣ ምናለበት?”

ጉድ ፈላ! ሴት ጣሪያ ላይ! “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!” ብሎ ጮኸ ይግዛው። ጎረቤት ነው፤ ችሎትም ላይ የአካለ ወልድ ባላንጣ ነው። ይህን ሲሰማ አካለ ወልድ ደሙ ፈላና ጉልላቱን በገመድ ጀርባው ላይ አሳሰረ።

ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ “እግዚኦ፣ እግዚኦ” እያለ፣ መሰላሉን አልፎ የሣሩን ማሰሪያ እየጨበጠ ወጣ። ጫፉ ላይ ደርሶ ከክዳኑ ብቅ ያለውን እንጨት ጥምጥም አለበት። እዚያ ሲደርስ፣ አይ የሰው ነገር፣ ዓይኑን ገለጠ። ቤቱኮ ያን ያህል ረጅም አይደለም፤ ለሱ ግን ጮቄ ተራራ ሆነበት።

በረዶው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሰዉ ታዛ ሥር ተጠልሎ “አኑረውና ውረድ!” ይለዋል። በረዶው መላጣውን ሲቀጠቅጠው አካለ ወልድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጉልላቱን ፈትቶ በገዛ ራሱ ላይ ደፋው!

ባንቺዓለም ከውስጥ ጮኸች። “አካለ! ውኃው ገባ! ጎታው ውስጥ ያለው ጤፍ አለቀልን!”

“አልችልም!” አለ ከሸክላው ውስጥ፤ ድምፁ ያስገመግማል። “እፈራለሁ! ሰዎች፣ ከፍታ እፈራለሁ፣ ድሮም እፈራ ነበር! ራስ የለሽ በሉኝ፣ የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ ብቻ አውርዱኝ!” የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አለቀሰም ደግሞ።

ባንቺዓለም መቀነቷን አጥብቃ ወጣችና መሰላሉን ያዘች። ይግዛው እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋባት። “አንቺ ሴት፣ ወግ አለ እኮ!”

“ተዋት” አሉ ቄሱ። “የኔን ቤት ጉልላት ማን ነው ያኖረው?”

“እርስዎ ነዎት እንጂ አባቴ፣ ሌላ ማን ሊሆን?” አለ ይግዛው።

“ስሜነሽ ናት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና። ሰዉ ገበያ የዋለ ቀን ነጠላዋን አሸርጣ ወጣች፤ እኔ ታች ሆኜ መሰላሉን እየያዝሁ እንቀጠቀጥ ነበር። ትናንት ያ ሁሉ ነፋስ አልነቀነቀውም። እኔ ግን የኔ ነው ስል ኖርሁ፤ አንድ ቀን እንኳ የሷ ነው ሳልል ቀበርኋት።” ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። “ውጪ ልጄ።”

የይግዛው ሚስት አምሳለች የጠላ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። “የኛንስ ማን እንዳኖረው ልንገራቸው?” አለችው። ይግዛው ሮጦ መሰላሉን በሌላ ወገን ያዘ።

ባንቺዓለም በበረዶው ውስጥ ወጥታ ጉልላቱን ከባሏ ራስ ላይ አነሣችና በቤቱ ራስ ላይ ደፋችው። አካለ ወልድ ዓይኑን አልገለጠም።

“ባንቺ፣ ታውቂ ነበር?”

“ዶሮዋ ቆጥ ላይ ስትወጣ እንኳ አንተ ዓይንህን ትጨፍን የለም እንዴ? ምኑ ይጠፋኛል? በል እጄን ያዝ፤ እኔን እኔን እያየህ ውረድ።”

ወረደ። እግሩ መሬት ሲነካ ዘወር ብሎ አየ። በረዶው እየወረደባቸው፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ፣ መሰላሉን የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይዞት ነበር።