ለሰዓት ሠሪው ያነበበችው ወረቀት

ሃያ ማርክ ናት እንግዲህ፣ ለሃያ ማርክ ስትል ነው ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የሕፃናት ዴስክ ላይ የተሰነቀረችው፣ ጉልበቷ ከሥሩ አልገባ ብሎ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆና የመንገድ ሠራተኛ መስላ፣ መምህሩ ምን ነበር ያለው፣ ስለ ምርጫ ሁለት ዓመት አንብባችኋል፣ አሁን ደግሞ በእጃችሁ ንኩት፣ ምኑን ነው የምትነካው፣ የመራጭ ጣት ነው የምትነካው፣ ቀለም እየቀባች፣ ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀውን፣ ሰልፉ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽንቷም መጥቷል።

በሩ ላይ አንድ ድምፅ። ታውቀዋለች። ጋሼ ነው፣ የኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ከክፍል መልስ የምትሠራለት አለቃዋ፣ የቤት ኪራይዋ ከእሱ ማሽን ሥር የሚወጣው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚደግፈውን ፓርቲ ወረቀት በነፃ ሲያባዛ የከረመው፣ እሷም ስታጥፍ የከረመችው፣ በክንዱ አባቱን ይዟል፣ ድሮ ሰዓት ሠሪ የነበሩትን፣ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመታቸው፣ ኮፒ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው ማሽኑን እያዳመጡ ይቺ የሆነ ነገሯ ላልቷል የሚሉትን፣ ሁሌም ልክ የሚሆኑትን።

አባባን እኔ ነኝ የምረዳቸው፣ ይላል ጋሼ፣ እግሩ የምስጢር መምረጫው መጋረጃ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

አይሆንም።

ሽማግሌው ናቸው። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እስከዚህ አድርሰኸኛል፣ ተባረክ፣ ከዚህ ወዲያ ያለችው ሦስት እርምጃ የእኔ ናት፣ ያቺ ወረቀት የምታጥፈው ልጅ እዚህ የለችም እንዴ፣ ድምጿን የሰማሁ መሰለኝ፣ እሷ ታንብብልኝ።

እኔ? ትላለች በልቧ፣ ኧረ በፈጠረዎት፣ ሌላ ሰው ጠፍቶ፣ የጋሼ ዓይን ጉንጯ ላይ ሲያርፍ ይሰማታል፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ፣ መመሪያውን ገልጠው በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፣ ማየት የተሳነው መራጭ ራሱ በመረጠው ሰው ይታገዛል፣ ረዳቱም ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ይገባል፣ ይህን አንቀጽ ለፈተና ሸምድዳዋለች፣ ሦስት ነጥብ ይዞ ነበር፣ እጅሽን አንሺ ልጄ፣ ይሏታል። ታነሳለች።

መጋረጃው ውስጥ። ጠባብ ነው፣ ሽማግሌው ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ፣ በጆሯቸው ታነብላቸዋለች፣ አንደኛ፣ ምልክቱ መሰላል፣ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ሦስተኛ ጀልባ፣ አራተኛ ፋኖስ። ድገሚልኝ። ትደግማለች፣ ድንገት ይመጣባታል፣ መሰላሉን ጀልባ ብትላቸውስ፣ ጣታቸውን ወዳሰኛት ብትወስደውስ፣ ማን ያውቃል፣ ማንም፣ ታዛቢው አያውቅ፣ የጣቢያው ኃላፊ አያውቁ፣ እኚህ ሰውዬ ራሳቸው እስኪሞቱ አያውቁ፣ ያ ሁሉ ማኅተም፣ ያ ሁሉ ቁልፍ፣ በር ላይ የቆመው ፖሊስ፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ፣ መጨረሻ ላይ የቆመው በዚህች በእሷ ምላስ ላይ ነው? እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ? አምላኬ።

ጣቴን ያዢው፣ ይላሉ። ትይዘዋለች። የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍራቸው ይዳስሳሉ፣ ከላይ ወደ ታች እንሂድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እሺ፣ አሁን ደግሞ ከታች ወደ ላይ አንብቢልኝ፣ አትቀየሚኝ፣ የሙያ ልማድ ነው። እየመረመሯት ነው! አምነዋት እየመረመሯት፣ ሁለቱም በአንድ ጣት። ስክሪብቶውን ራሳቸው ይይዛሉ፣ እነዚያ ፀጉር የምታክል ብረት ሲተክሉ የኖሩ ጣቶች አይንቀጠቀጡም፣ እና ምልክት ያደርጋሉ፣

አይ። አታስበውም፣ በልቧም ስሙን አትጠራውም።

ሳጥኑ ዘንድ ወረቀቱን ለቀው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ወደቀ? ወደቀ፣ አባባ። ሰማሁት፣ ይላሉ፣ ቀና ብለው፣ ወገባቸው የተዘረጋ ይመስላታል፣ ፊታቸው ላይ ያለውን ምን እንደምትለው አታውቅም፣ እንዲህ ያለ ፊት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበችም።

ጋሼም መርጦ ዴስኳ ላይ ያጎነብሳል፣ ፈገግ ብሎ፣ ቀለም የነካው ጣቱን እያራገበ፣ በይ እስቲ፣ ሽማግሌው የማንን ምልክት ነኩ? ጋሼ፣ እሱማ ምስጢር ነው። እኔ እኮ ልጁ ነኝ፣ ባዳ አይደለሁም። አውቃለሁ ጋሼ። እና? አላየሁም ማለት ትችላለች፣ ቀላል ነው፣ ግን አይታለች፣ የፓርቲዎን ነው ብላ ልታስደስተውም ትችላለች፣ ነገ ማሽኑ ሥር መግባት አለባት፣ ወሩ ሊያልቅ ነው፣

አልነግርዎትም።

ፈገግታው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጥሩ፣ ይላል፣ እንግዲያው ነገ ለመምጣት አትልፊ፣ ሰው አላጣም። አባቱን በክንዳቸው ይዞ ይወጣል፣ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆም ይላሉ፣ ሰምተዋል፣ የማይሰሙት ነገር የለም፣ ወደ እሷ ዞረው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ለእሷ፣ ለሃያ ዓመት ልጅ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየ።

ሥራ የላትም። ይህን ቆየት ብላ ታስበዋለች፣ አሁን ሕፃን ያዘለች ሴት ጣቷን ዘርግታላታለች፣ ትንሽ፣ ሙቅ፣ ሽንኩርት የሚሸት ጣት፣ ቀለሙን ከጣቱ አሳልፋ ዴስኩ ላይ ታንጠባጥባለች፣ ምነው እህቴ አመመሽ? ትላታለች ሴትዮዋ፣ አይ ደህና ነኝ፣ ፍርሃት ይሆን? ትላለች በልቧ፣ ፍርሃትንማ ታውቀዋለች፣ ይሄ ሌላ ነው፣ የሴትዮዋን ጣት ትይዛለች፣ ልክ ሊሰበር እንደሚችል ነገር፣ በሁለት እጇ።