ወለሉ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ

ከረሜላውን ከባሏ ኪስ ያወጣችው ራሷ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የምትረግመው ታገኝ ነበር፤ አሁን ግን እርግማኑም ዞሮ ዞሮ ወደ ራሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ የስኳር በሽተኛ ነው። ዕድሜ ልኩን ሽመና ፋብሪካ የሠራ፣ የማሽን ጩኸት ጆሮውን የበላበት ሰው ነው። ራሱን ስለማይሰማ ሲያወራ ሰፈር ያስነሳል፤ ጓደኞቹ «ደወል» ያሉት ለዚህ ነው። እሷም እዚያው ፋብሪካ ነው ያረጀችው። የተበጠሰ ክር በመቀጠል የሚቀድማት ስላልነበረ «ቋጠሮ» አሏት፤ ስሙም ከፋብሪካው በር አልፎ ቤቷ ገባ፣ ባሏ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። ሁለቱም ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው «አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ተዝናኑ» ብላ ወደዚህ ትልቅ ከተማ ላከቻቸው። ልጅቷ ነርስ ናት። ስትሸኛቸው እናቷን ለብቻዋ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«እማዬ፣ አባዬ መርፌውን ከወጋ ወዲያው ይብላ። ካልበላ ስኳሩ ይወርድበታል። ያልበዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ያየው ሁሉ ሰክሯል ነው የሚለው። ዝም ከተባለ ይሞታል። ከረሜላ ከኪሱ አይለይ።»

ከረሜላውማ መች ከኪሱ ተለየ! ችግሩ ከአፉም አለመለየቱ ነው። ሙዚየም ውስጥ የድንጋይ ምስል ፊት ቆሞ ጉንጩ ተወጥሮ ታገኘዋለች። ማማው ላይ ወጥተው ከተማውን ቁልቁል ሲያዩ ይቆረጥማል። ወንዝ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በልተው ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ይቆረጥማል። ዛሬ ጠዋት ሆቴሉ ደረጃ ላይ እጅ ከፍንጅ ያዘችውና ኪሱን ገልብጣ ሁሉንም ወደ ቦርሳዋ ዘረገፈችው።

«ሌባ» አለችው በእጇ።

እሱም በእጁ ምሕረት ለመናት። ሁለቱም ሳቁ።

በእጅ ማውራት የፋብሪካ ልማድ ነው። ሽመናው አዳራሽ ውስጥ ቢጮሁ የሚሰማ ስለሌለ ሠራተኛው ሁሉ ጣቱን ነበር ምላሱ ያደረገው። ሁለት ጣት አጋጥሞ መለያየት «ክር ተበጠሰ» ነው፤ ሁለቱን ትንንሽ ጣቶች ማቆላለፍ «ተቋጠረ» ነው። ደረትን በጡጫ ሁለቴ መምታት ደግሞ «እመቤቲቱ» ማለት ነው። እመቤቲቱ የአዳራሹ ትልቋ ማሽን ነበረች፤ እሷ ስትሠራ ወለሉ እስከ ጥርስ ድረስ ያንቀጠቅጣል። ፈረቃ ሲቀያየር በዚያ ሁሉ ግፊያና ብናኝ መሃል ሰው ከሰው ሲጠፋፋ ተጣርቶ መገናኘት የለም። የጠፋው ሰው መንቀጥቀጡን በእግሩ እየተከተለ ሄዶ እመቤቲቱ አጠገብ ይቆማል፣ ፈላጊውም እዚያው ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ ገና ሳይጋቡ እያወቁ ሲጠፋፉ የኖሩት እዚያ ጋ ለመገናኘት ነበር፤ አለቃቸውም ያውቅ ነበር፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋቸው ነበር እንጂ።

ትናንት ሬስቶራንት ውስጥ ደወል መርፌውን ሊወጋ ሸሚዙን ሲገልጥ ከጎን የተቀመጡት ሰዎች ማንኪያቸውን አስቀምጠው አፈጠጡበት። ሰውየው በዚህ አፈረ። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በፊት እዚያው ሆቴል ክፍል ውስጥ ተወጋ።

«ሬስቶራንቱ ስንደርስ ብትወጋ ምን ነበረበት?» አለችው በእጇ።

«ሁለት ፌርማታ እኮ ነው!» አለ በዚያ ድምፁ። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው። እሷም ክርክር ጠልታ ተወችው።

ከዚያ ከምድር በታች ወዳለው ባቡር ጣቢያ ወረዱ። ሕዝቡ እንደ ጉድ ነው። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ደወል ተገፍትሮ ገባ። እሷ ልትከተል ስትል የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ፊቷ ገባች፤ ቋጠሮ «እለፊ» ብላ መንገድ ሰጠች። በሩ ተዘጋ።

በመስታወቱ ተያዩ። እሱ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ የሆነ ቀልድ ነገር መስሎት። ቀጥሎ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ኪሱ ሄደና ባዶውን ዳበሰ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየችው። ከዚያ ባቡሩ ይዞት ሄደ።

ስልክ እንዳትደውልለት የሱም ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ለማይሰማ ሰው ምን ያደርግለታል ተብሎ። የሬስቶራንቱን ስም እንኳ አያውቅም፤ መንገድ የምትመራው እሷ፣ የሚከተለው እሱ ነው። ሰው እንዳይጠይቅ፣ ቢጠይቅስ መልሱን በየት ጆሮው ይሰማዋል? የሚቀጥለው ባቡር እስኪመጣ ድረስ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች፣ ከረሜላው ውስጡ ይንኮሻኮሻል።

በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደች፤ የለም። ሬስቶራንቱ ካለበት ጣቢያ ወረደች፤ እዚያም የለም። ሬስቶራንቱ ድረስ ሮጣ ሄዳ አስተናጋጁን «ጮክ ብሎ የሚናገር ሰውዬ አልመጣም?» ብላ ጠየቀችው፤ አስተናጋጁ ፈርቶ ውኃ ሰጣት። አልጠጣችም። ወደ መጀመሪያው ጣቢያ ተመለሰች፤ እዚያም የለም። እሱ አንድ ፌርማታ ሄዶ ወርዶ ተመልሶ መጥቶ እሷን ሲያጣ ይሆናል የሄደው፤ በመንገድ ላይ ተላልፈው ይሆናል። ቆማ ብትጠብቀው ኖሮ! ይህን ስታስብ ግንባሯን በመዳፏ መታች፤ ሰው አያት አላያት ግድ አልሰጣትም።

በየአግዳሚው ወንበር ጎንበስ ያለውን ሁሉ ታያለች። አንዱ ተኝቷል፣ ሰው እየዞረው ያልፋል። ቀረብ ብላ ስታይ ሌላ ሰው ነው። ያኔ ትናንት ያዩት ትዝ አላት። ከድልድዩ ሥር አንድ ሰውዬ ወድቆ ነበር። ደወል ሊቆም ሲል እሷ ክንዱን ይዛ «ተወው፣ ጠጥቶ ነው» ብላ ጎተተችው። እንዴት አወቀች ጠጥቶ እንደሆነ? ማን ነገራት? አሁን የሷም ሰው አንድ ጥግ ወድቆ፣ አንዷ ሚስት ባሏን እየጎተተች «ተወው» እያለች እያለፈችው ቢሆንስ?

ወደ ጣቢያው መረጃ ክፍል ሄደች፤ ሠራተኛዋ ደግ ሴት ናት። ነገሩን ሰምታ ወዲያው ማይክሮፎኑን ያዘችና የደወልን መልክ፣ ኮቱን፣ ባርኔጣውን ጠርታ «እባክዎ ወደ መረጃ ክፍሉ ይምጡ» ብላ በጣቢያው ሁሉ አስተጋባች። ሆቴልም ደወለችላት፤ አልመጣም።

«እዚሁ ይጠብቁ እናቴ፣ ይሰማና ይመጣል» አለቻት።

«አይሰማም እኮ» አለች ቋጠሮ። «ልጄ፣ አይሰማም።»

ሴትየዋ ፖሊስ ልትጠራ ስልኩን ስታነሳ ቋጠሮ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ፈራች። በዕድሜዋ ብዙ ፈርታለች፤ ፋብሪካው ሲቃጠልም፣ ልጇን በመከራ ስትወልድም ፈርታለች፤ እንዲህ ግን አልፈራችም። ያኔ ሁሉ ከጎኗ እሱ ነበር።

ከሥሯ ባቡር አለፈ። መንቀጥቀጡ በጫማዋ ገብቶ እስከ ጉልበቷ ወጣ። እሷም እግሯን ዝቅ ብላ አየች፤ እያየችም ብድግ አለች።

ትናንት ከሆቴላቸው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ሲያልፉ ደወል ድንገት ቆሞ ነበር። የቆመው በየቀኑ በቀትር ጃዝ የሚጫወቱበት ምድር ቤት ጋ ነው። እሷ ሳክስፎኑን ሰማች፤ እሱ የሰማው ግን በእግሩ ነው። መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ትንሽ ቆየና ፊቱ በራ፤ ደረቱን በጡጫ ሁለቴ መታ። እመቤቲቱ። «ነገ ከምሳ በኋላ እንመጣለን» ብላ ነበር ከዚያ የወሰደችው።

ሞኝ ናት፤ በአፍ ስትፈልገው ዋለች። የሷ ሰው በአፍ ይጠራል እንዴ? የጠፋ ሰው የት ይቆማል?

የጣቢያው ሠራተኛ «እናቴ፣ ወዴት ነው?» ስትላት ቋጠሮ ደረጃውን እየወጣች ነበር። ያን መንገድ እንዴት እንደሮጠች አታውቅም። አንድ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። «አምላኬ ሆይ፣ እዚያ ይሁን፤ በሕይወት ይሁን» ትላለች፤ ደግሞ «እዚያ ባይኖርስ» ትላለች።

ምድር ቤቱ በር ላይ የቆመው ሰው «ቲኬት» አላት። ሰው ቀና ብላ ለማየት የምታፍረዋ ሴት በክርኗ ገፍትራው ገባች።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ዓይኗ እስኪለምድ ምንም አላየችም፤ ከበሮው ግን ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ አየችው። ከመድረኩ ሥር፣ ከበሮው ፊት ለፊት፣ ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ተጋድሟል። ባርኔጣው ወድቋል። አንድ መዳፉ መድረኩ እንጨት ላይ ተለጥፏል። የቤቱ ጥበቃ ብብቱ ሥር ገብቶ ሊያነሳው ይታገላል።

«አባት፣ ይነሱ፤ ስካርዎን ቤትዎ ይጨርሱት» ይለዋል።

«አልሰከረም!» አለች። ሳክስፎኑ ድምፅዋን ዋጠው። እጇን አውለበለበች፤ ደወል ዓይኑ ተከፍቷል፣ እሷን ግን አያይም። ፊቱ በላብ ታጥቧል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ዘግይቻለሁ አለች በልቧ፤ እውነት መሰላት።

ከረሜላውን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተችና እጇ ቆመ፤ እንዲህ ሆኖ ከረሜላ ቢያንቀውስ? አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ አንድ የዘነጠ ሰውዬ የብርቱካን ጭማቂ ሊጠጣ ብርጭቆውን አንስቷል። ከእጁ ነጠቀችው። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ጥበቃውን ገፍታ ተንበረከከች፣ የባሏን አንገት በክንዷ ደገፈችና ጭማቂውን በትንሹ ከንፈሩ ላይ አስነካችው።

ሳክስፎን ነፊው ቆመ። ከበሮ መቺውም ዱላዎቹን አወረደ።

«ዋጥ» አለችው። «አንተ ሰው፣ ዋጥልኝ።» ጭማቂው በአገጩ ፈሰሰ። «እንዳትተወኝ። ዋጥ።»

ጉሮሮው አልተንቀሳቀሰም። ደግማ አስነካችው። ከዚያ አንዴ፣ በጭንቅ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ። እሷ ድምፅ ሳታወጣ ማልቀስ ጀመረች፤ እጇ ግን ብርጭቆውን አልለቀቀም። በጥቂቱ በጥቂቱ ሰጠችው፣ ሌላ ብርጭቆ መጣ፣ እሱንም ሰጠችው። ጥበቃው አምቡላንስ ጠርቶ ነበር፤ የመጡት ሰዎች ጣቱን ወግተው ደሙን አዩ፣ ትንሽ ቆይተው ደግመው አዩና «ስኳሩ እየወጣ ነው» አሏት። አንዷ ዕቃዋን እየሰበሰበች «ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና የቋጠሮን ፊት አይታ ተወችው። ጥበቃው ባርኔጣውን አንስቶ ሲያራግፍ ቆየ። ዓይኗን ማየት አልቻለም፤ እሷ ግን አልፈረደችበትም። የድልድዩ ሥር ሰውዬ ትዝ እያላት በምን አንደበቷ ትፈርዳለች?

ዳቦና ሾርባ አመጡለት። በላ። መልኩ ተመለሰ። ሙዚቀኞቹም በሹክሹክታ ተነጋግረው ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ከበሮው ወለሉን ያንቀጠቅጠው ጀመር። አሁን ቢያወሩ አይሰማም። ደወል ወደ ሚስቱ ዞረና ሁለት ጣቶቹን አጋጥሞ ለያያቸው። ክር ተበጠሰ።

መልሱን ያውቃል፤ እየጠበቀ ነው። ቋጠሮ ትንንሽ ጣቶቿን አነሳች። ይንቀጠቀጣሉ። ልታቆላልፋቸው ሞከረች፣ ተሳሳቱ። ደግማ ሞከረች፣ ተሳሳቱ። ያን ሁሉ ዘመን በጨለማም በብናኝም ክር መቀጠል አቅቷት የማያውቅ ሴት ሁለት የገዛ ጣቶቿን ማገናኘት አቃታት። እሱ ትንሽ አያትና አንዱን ጣቷን በራሱ ጣት ቆለፈው።

እንደዚያው እንዳሉ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ከፈተችና ከረሜላውን እያፈሰች ኪሱ ውስጥ ጨመረች። የኮቱ ኪስ ሲሞላ የሸሚዙን፣ የሸሚዙ ሲሞላ የሱሪውን።

«ነገ ሌባ ልትይኝ ነው?» አለ ደወል። ሙዚቃውን አልፎ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«ስረቅ» አለችው በነጻ እጇ። «ሁልጊዜ ስረቅ።»

እሱ አንዱን ልጦ አጎረሳት። እሷ ግን ጣቱን አልለቀቀችም፤ ሆቴል እስኪገቡም፣ በማግስቱ አገራቸው ሲመለሱ ባቡር ውስጥም አልለቀቀችም።