ጣውንቴ ለምርመራ ስትቀርብ

ባለቤቴ ሁለት ሚስት አለው። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሌላዋ ደጃፋችን ላይ ቆማ ዘይት የምታንጠባጥብ አሮጌ ቫን ናት። ጣውንቴ እላታለሁ። እሱም ለምዶት ጠዋት ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ ይገባና «ጣውንትሽ ዛሬም አልነሳም ብላለች» ይለኛል። እኔስ አልነሳም ብል ማን ሊገፋኝ ነው?

መቼም መተዳደሪያችን ናት። ሥራችን ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን ዕቃ ማጓጓዝ ነው። እሱ ቁምሳጥን ይሸከማል፣ ይነዳል፤ እኔ ሳህንና ብርጭቆውን በጋዜጣ እጠቀልላለሁ። የሚሰበር ነገር ካለ ደግሞ ጋቢና ታቅፌው እቀመጣለሁ። በዚያ ወንበር ላይ ያልታቀፍኩት ነገር የለም፤ የግድግዳ ሰዓት፣ የቁም መስታወት፣ አንድ ጊዜማ ሁለት ዓሣ ያለበት የመስታወት ገንዳ፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ እየተገለበጠ። የቫኗ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሞልቶ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ቆይቷል። ያን ቀን ባለቤቴ «በይ እንግዲህ፣ አዲስ መኪና ገዛን» እያለ ሲስቅ ዋለ።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን ሳቁ ድራሹ ይጠፋል። ለቦሎ የምትመረመርበት ወር ሲገባ ሰውየው እህል አይቀምስ፣ እንቅልፍ አይወስደው። አንድ ዓመት በፍሬን ወደቀች። በሌላው ዓመት በጭስ። ወለሉ ዝጎ የተበሳ ጊዜ ደግሞ እኔ በእግሮቼ መሃል አስፋልቱን እያየሁ ነበር የምሄደው። «ነፋስ ይገባልሻል» ይለኝ ነበር፣ አያፍርም። መጀመሪያ ትወድቃለች፣ እሱ ከሥሯ ገብቶ ሲጠግን ይሰነብታል፣ ከዚያ በሁለተኛው ታልፋለች። እሑድ ደርሶ ባሌን ልየው ስል የማየው ከቫን ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ነው። ወገቡ አልቋል። ከመሬት ሲነሳ ግድግዳ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው። ሰው ቁጡ ናት ይለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው የምቆጣው። አንድ ቀን ከሥሯ ሳይነሳ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ።

ዘንድሮ በቃኝ። «ስማኝ አንተ ሰው» አልኩት፣ «አሁን ከወደቀች ሁለተኛ ምርመራ ብሎ ነገር የለም። ለብረት ገዢ ትሸጣለች። ያንተም ወገብ ያርፋል፣ የኔም ጆሮ።»

ሻዩን ሲያማስል ቆየ። ስኳር አልጨመረበትም።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። ቅስሙ ሲሰበር አይቻለሁ፣ ግን ቃሉን ተቀበልኩት።

ከዚያ ወደ መካኒኩ ወሰዳት። ሰፈሩ መካኒኩን የሚጠራው «እንደ አዲስ» ብሎ ነው፤ አንዲት ብሎን ባጠበቀ ቁጥር «እንደ አዲስ አደረግኳት» ስለሚል። ፍሬኑን ነካካ፣ መብራቱን ቀየረ፣ ዝገቱን ፍቆ በየቀዳዳው አዲስ ብረት በየደ። ሲጨርስ የኔንም በር ሠራው። የጋቢናው በር ከውስጥ አልከፈት ካለ ዓመታት አልፈዋል። በደረስን ቁጥር ባለቤቴ ወርዶ፣ በፊት ለፊት ዞሮ መጥቶ ይከፍትልኛል። የማያውቁን ሴቶች «ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ባል» ይሉኛል፤ እኔም በሩ ስለተበላሸ ነው ብዬ አላውቅም። አሁን መያዣውን ሳብ ሳደርገው ወዲያው ተከፈተ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ምንም አላለኝም።

የምርመራው ቀን አብሬው ተነሳሁ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ ነው የምትመጪው?» አለኝ።

«ልቀብራት» አልኩት።

መመርመሪያው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ መሃሉ ላይ ጉድጓድ፣ ዳር ዳሩን ባለ መኪናዎች የሚቆሙበት ቢጫ መስመር። መርማሪው ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ ወጣት ነው። ክላክሷን ነፋ፣ ፍሬቻውን አየ፣ ጎማውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሆዷን በመዶሻ ኳ ኳ ያደርግ ጀመር። በያንዳንዱ ኳኳታ ባለቤቴ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ወለሉ ደህና ነው» አለ መርማሪው ከታች። ወጥቶ ፍሬኑን ለካ፤ ደህና። ጭሷን ለካ፤ ደህና። ጣውንቴ እንዲህ ጨዋ ሆና አይቻት አላውቅም። እኔ ልቀብር መጥቼ ሠርግ ላይ ልቆም ነው እንዴ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት፣ መርማሪው ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ፤ በኔ ወንበር ላይ። ቀበቶውን ሳበና የሚቆለፍበትን ፈለገ። አንዱን ሞከረው፣ አልገባም። ደግሞ ሞከረ።

«አባባ፣ የዚህ ወንበር ቀበቶ መቆለፊያ የለውም። ይሄ ያለው የመሃለኛው ወንበር ነው። በዚህ ማለፍ አትችልም።»

ባለቤቴ መስመሩን አልፎ ጠጋ አለና አንገቱን አስግጎ አየ። ምን ያውቃል? መሪ ይዞ ኖረ እንጂ በዚያ በኩል አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅ። እኔ ግን አውቃለሁ። መቆለፊያው በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ሾልኮ ይገባል፤ ሁለት ጣት ሰደድ አድርጎ መሳብ ነው። በየቀኑ ሳላስበው የማደርገው ነገር ነው።

አፌን ዘጋሁ። ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ? ጣውንቴ እኔ ሳልገፋት በራሷ ልትሄድልኝ ነው። ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያሻሸው እያየሁም ከቢጫው መስመር ንቅንቅ አላልኩም።

መርማሪው አዘነለት መሰለኝ። «እንዲህ እናድርግ አባባ» አለው። «ሰው የማይቀመጥበት ከሆነ ወንበሩ ይውጣ። መፍቻ አለኝ፣ አሁኑኑ እንፈታዋለን። ቦታው የዕቃ ይሆናል፣ እኔም አሳልፋታለሁ።»

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። አሁን መፍቻውን ነጥቆ ራሱ ይፈታዋል ብዬ ጠበቅሁ። ለዚች መኪና ሲል ወገቡን የሰጠ ሰው አንድ ወንበር ይሰስታል?

ባለቤቴ ወንበሩን አየው። ስፖንጁ ሲወጣብኝ በአሮጌ መጋረጃ የሰፋሁት ወንበር ነው።

«አይ ልጄ» አለ። «የባለቤቴ ቦታ ነው። እሱ ከሚነሳስ ቫኗ ትውደቅ። ጻፈው በቃ።»

እኔ እንድሰማ ብሎ አይደለም። ሞተሩ እያጓራ ስለነበር የምሰማ አልመሰለውም። ኮፍያውን መልሶ አደረገና ዞር አለ።

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደሆነ እኔም አላውቅ። ብቻ ራሴን ያገኘሁት ከቢጫው መስመር ወዲያ ማዶ ነው።

«እናቴ፣ እዚህ መግባት አይቻልም» አለ መርማሪው።

«ውረድልኝ ልጄ፣ ቦታዬ ነው።»

ግራ ገብቶት ወረደ። ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ሁለት ጣቴን ሰደድኩ፣ ሳብኩ፣ ቆለፍኩ። «ይኸው። የለውም ትላለህ? ስንት ዓመት ሙሉ የታሰርኩበትን።»

መርማሪው በዋዛ የሚለቅ አይደለም። ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ አንገጫገጨኝ፣ አስፈትቶ አስቆለፈኝ፣ መቆለፊያውን በባትሪ አብርቶ ከነመሠረቱ አየው።

«ጥብቅ ነው» አለ። «እየገባ እንዳይደበቅ ብቻ መካኒክ ከፍ አድርጎ ይሰረው። በዚህስ አልጥላትም።» ከዚያ ቦሎውን አምጥቶ መስታወቷ ላይ ለጠፈ።

ወደ ቤት ተመለስን። መብራት ሲይዘን ባለቤቴ ወደኔ ዞረ።

«ልትቀብሪያት አልነበር እንዴ የመጣሽው?»

«ዝም ብለህ ንዳ። ነገ ወገብህን ሐኪም ያየዋል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ከሥሯ የሚገባው ‹እንደ አዲስ› እንጂ አንተ አይደለህም። ሰምተሃል?»

«እሺ» አለ። ይሄኛው እሺ ፈገግታ ነበረበት። እኔም ሳቄ መጣብኝ፣ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ እያየሁ ሳቅሁ።

ደጃፋችን ስንደርስ ጣውንቴ ሁለቴ እንደ ማሳል አለችና ሞተሯ ጠፋ። ባለቤቴ ወርዶ ወደ ቤት አቀና። እኔ እጄን ወደ በሩ መያዣ ሰደድኩና መልሼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ቁጭ አልኩ።

ደረጃው ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። «በሩ እኮ ተሠርቷል» አለ።

«የት ተሠራና» አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያ በቫኗ ፊት ለፊት ዞሮ መጣና ከፈተልኝ።