ያለ ሰዓቱ የወጣ እልልታ

ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልረጋ ያላት ልጅ ኪኒኑን እንዴት አድርጋ ትያዘው? ሐጃ ሲታና ከማለዳ ጀምሮ ይህንኑ ያመላልሳሉ። የልጅ ልጃቸው ተስኒም ገመድ አልጋው ላይ ጥቅልል ብላ ወባው ያንቀጠቅጣታል። የሱዳኗ ኦምዱርማን ሐኪሞች በመንግሥት ላይ ከተነሣው ሕዝብ ጋር ሆነው ሥራ አቁመዋል። አለ የተባለው ክሊኒክ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ደግሞ ወታደር ይዞታል።

«ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው እልል ይበል» አሏት የተስኒምን እናት፣ ልጃቸውን ኢኽላስን። «ልጅሽ እንደ ምድጃ እየነደደች አንቺ ጣራ ላይ ልትወጪ?»

«እማ፣ ልጆቹ የሚጠብቁት የእኔን ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ካሰማ ወጥመድ ነው ብለው አይወጡም።»

«ድምፁንስ ከማን አመጣሽው? እኔ ነኝ የሰጠሁሽ፤ ለሠርግ ብዬ እንጂ ለጥይት ብዬ አልነበረም።»

ኢኽላስ ሳትወድ ሳቀች።

ሰልፉ የሚነሣው በሴት እልልታ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲሆን ኢኽላስ ከጣራው ላይ ጎዳናውን ታያለች። የደኅንነት መኪኖች ዞር ካሉ እልል ትላለች፤ በየግቢው አድፍጦ የቆየው ወጣት ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ካልሄዱ ዝም ትላለች፤ እሷ ዝም ካለች ማንም ከበሩ አያልፍም።

ጎረቤታቸው ሁዋይዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አንቺ ኢኽላስ! ማዕዘኑ ላይ ሰው የጫኑ መኪኖች ቆመዋል። ፊታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው ሙሽራ መስለዋል! ዛሬ አፍሽን ያዢ፤ እኔ ለዳቦ ልሰለፍ ነው።»

«ይቁሙ፤ ፀሐይ ይቀቅላቸው» አለችና ኢኽላስ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ሐጃ ሲታና በሆዳቸው አላህን አመሰገኑ፤ ወታደርንም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መረቁ።

ኢኽላስ በረዶ ልትፈልጥ ወደ ጓዳ እንደገባች የተስኒም ግንባር ወረዛ። ዓይኗን ገለጠች።

«ሐቦባ» አለች አያቷን፣ «ራበኝ። ገንፎ አለ?»

እህል ከቀመሰች ስንት ቀኗ! ሐጃ ሲታና አላሰቡም። በእነሱ ቤት የታመመ ልጅ እህል ሲጠይቅ እልል ይባላል፤ እናታቸውም አያታቸውም እንዲያ ነበሩ። አፋቸውን በእጃቸው ከለል አድርገው ያን ሠርግ ቤት ሁሉ የሚያውቀውን ረጅም እልልታ ለቀቁት።

ከማዶ ግቢ አንዲት ሴት እልልታውን ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ ሌላዋ። በሮች ተበረገዱ።

«እማ! ምን አደረግሽ?»

በረዶው ከኢኽላስ እጅ ወደቀ። ደረጃውን በሩጫ ወጥታ «ተመለሱ! ግቡ!» እያለች ጮኸች። ጎዳናው በጭብጨባና በመፈክር ሞልቷል፤ ማን ይስማት። ተኩሱ ብዙ አልቆየም።

ተስኒም ገንፎዋን ገና ጥቂት እንደቀመሰች ሁዋይዳ መጣች። ጫማ አላደረገችም።

«መኪናው እንዳለ ነግሬሽ ነበር፤ በአጥሩ ላይ ነግሬሽ ነበር እኮ! ልጄ ድምፅሽን አምኖ ወጣ። ከበራችን እንኳ አልራቀም፣ ኢኽላስ።»

ሐጃ ሲታና «እኔ ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ኢኽላስ አየቻቸውና ቀደመቻቸው።

«እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር የሚልሽ አላህ ነው» አለች ሁዋይዳ፤ ወደ ልጇ ሬሳ ተመለሰች።

ተስኒም የበላችውን ሁሉ አስመልሳ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ወባ እንዲህ ነው፤ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ሐጃ ሲታና ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም።

«ልጄ፣ ለቅሶው ቤት አትሂጂ፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነው፤ ይጎዱሻል። ይህችን እያት፣ ዓይኗ እኮ ተገለበጠ! እኔ ልሂድ፣ እኔ ልንገራቸው...» አሉ ሐጃ ሲታና፤ ከአልጋው ጫፍ ግን አልተነሡም።

ኢኽላስ የልጇን ግንባር በመዳፏ ነካች፤ ቶሎ አነሣችው። ነጭ መከናነቢያዋን፣ ቶቧን፣ ከምስማሩ አውርዳ ተከናነበች። ወደ እናቷ ሳትዞር ወደ ሁዋይዳ ግቢ ሄደች።