ከስድስቱ መሀል

"ፈርሚና እንገላገል!" አለ ዐቃቤ ሕጉ፤ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ለሥነ ልቦና ባለሙያዋ አስጠጋላት።

ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የወርቅ ቤቷ ባለቤት የማስታወስ ችሎታ የሚታመን ነው ይላል። ሴትዮዋ የዘረፈኝ ነው ያለችውን ሰው ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ከተሰለፉ ስድስት ወንዶች መሀል ለይታ አውጥታለች፤ አንድ ዳቦ ጋጋሪ። ሌላ ማስረጃ የለም፤ ወርቁም አልተገኘም። ባለሙያዋ ከፈረመች ልጁ ወህኒ መውረዱ ነው። የቆመለት ጠበቃ እንደሆነ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ባለፈው ቀጠሮ ሲያዛጋ ነው የዋለው። የተከሳሹ እህት ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ባለሙያዋ ስትገባ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ተከትላት፣ "እትዬ፣ ለእናቴ ዛሬ ይዤው እመጣለሁ ብያታለሁ፤ አደራሽን" ብላታለች።

"ባለ ሱቋ አትዋሽም" አለች ባለሙያዋ። "ግን የዘረፋትን ሰው አስታውሳ ነው፣ ወይስ ከተሰለፉት ውስጥ ሌባ የሚመስለውን መርጣ ነው? ይሄን ሳላውቅ አልፈርምም።"

"ኧረ ተይ እባክሽ! ስሚኝ ልጄ፣ ሕግ ማለት ማስረጃ ነው። የእናንተ ነገር ጥንቆላ ነው፤ ኮት መልበሳችሁ ብቻ ነው ልዩነቱ።"

በራሱ ቀልድ ሳቀ። ለበላዩ እየተሽቆጠቆጠ፣ በበታቹ ላይ እያፈጠጠ ነው እዚህ ወንበር ላይ የደረሰው፤ ዕውቀትማ ደጁንም አልረገጠም።

"ተከሳሹን አይተውት ያውቃሉ?"

"የት አይቼው? መዝገቡ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት።"

"የባለ ሱቋን ቃልስ አንብበውታል?"

"ያንን ሁሉ ገጽ? መጨረሻውን አይቻለሁ፤ ይበቃል።"

ባለሙያዋ ከቦርሳዋ የሰልፉን ፎቶ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። "እስቲ፣ ዘራፊው የትኛው ይመስልዎታል?"

መነጽሩን አጥልቆ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ሳይርገበገብ ጣቱን አሳረፈ።

"ይሄ! ቁጥር አራት! ፊቱ ላይ ተጽፏል እኮ!"

ጉድ እኮ ነው! አምስቱ የዚያው ጣቢያ ፖሊሶች ናቸው፤ ዩኒፎርማቸውን አውልቀው የተሰለፉ፣ ጢማቸው ሙልጭ ብሎ የተላጨ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ደረታቸውን የነፉ። ቁጥር አራት ጢሙ አድጓል፤ ታሳሪ ነውና ቀበቶውን ወስደውበት ሱሪውን በእጁ ይዟል። ይሄን ለመለየት ምስክር መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ይበቃል።

"አዎ፣ ተከሳሹ እሱ ነው" አለች። "ግን እርስዎ እኮ ሱቁ ውስጥ አልነበሩም። ዘራፊውን አላዩትም።"

"እሱን ነው የምልሽ! እኔ ሳላየው ካወቅሁት፣ ያየችው ሴትዮ እንዴት ትስታለች?" ብሎ በኩራት ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። "ዓይን ነው እንግዲህ! ሌባ ከእኔ አያመልጥም።"

ባለሙያዋ ናቀችው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መከራከር ውኃ መውቀጥ ነው። ወረቀቱን ሳበችና ዓረፍተ ነገሩን ሰርዛ ከሥሩ ጻፈች፦ "በዚህ ሰልፍ ተከሳሹን ለመምረጥ ዘራፊውን ማየት አያስፈልግም። ዘራፊውንም ተከሳሹንም አይቶ የማያውቅ ሰው ወዲያው መርጦታል።"

"ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ" አለች ቀና ሳትል።

"ለምኑ?"

"ስለ ዓይንዎ ልመሰክር ነው፤ ችሎት ላይ ይነበባል።"

ክራቫቱን አስተካከለ።

"ከነአያቴ ጻፊው" አለ። "ማዕረጌንም እንዳትረሺ።"

ማዕረጉን አስቀድማ፣ ከነአያቱ ጻፈችና ፈረመች።