የኃይለመለኮት ቱቦ

የጣራው ውሃ ማውረጃ ቱቦ ከቦታው የጠፋ ቀን ሸዋገነት ሌባ አልጠረጠረችም። ሌባ ቢሆን ቆርቆሮውን ይነቅላል እንጂ ቱቦ ምን ያደርግለታል። የጠረጠረችው ባሏን ነው። ወጣ ብላ ስታይ ይኸውላችሁ፣ ኃይለመለኮት የአሮጌዋን ፔጆ ኮፈን ከፍቶ እስከ ወገቡ ገብቶባታል። ውጪ የቀረው መቀመጫው ብቻ ነው። ቱቦው በመጋዝ ተገምሶ እግሩ ስር ተጋድሟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝናብ ቢመጣስ?» አለችው።

«ድሬ ነው ያለሽው። የምን ዝናብ አመጣሽ።»

«ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ የደቻቱን ወንዝ ሄደህ ጠይቀው።»

«ይሄ ከዝናብ ይበልጣል» አለ ከውስጥ ሆኖ፣ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ።

ኃይለመለኮት የምድር ባቡር ልጅ ነው። አባቱ እዚያ ብየዳ ሠርቶ አሳደገው፣ እሱም እዚያው ገብቶ ጡረታ ወጣ። የምድር ባቡር ሰው ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ሥራ ከፈታ ዕቃ ይፈታል። ራዲዮኑን ፈታ። የበሩን ቁልፍ ፈታና ሳምንቱን ሙሉ በመስኮት አስወጣቸው። ፍሪጁን ፈትቶ ሲገጥም ብሎን ተረፈውና ኪሱ ከተተው፤ ፍሪጁም ከዚያ ወዲህ ሲነሳ እንደ ጉንፋናም ፍየል ያስነጥሳል። አሁን ደግሞ ስልኩ ላይ አንድ ንቅሳታም ፈረንጅ አይቷል። ፈረንጁ መኪናው ላይ ቱቦ ይገጥማል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ መኪናዋ ትበራለች። ቋንቋውን አይሰማም፣ እጁን ግን ያያል። ሲያይ ሲያይ ሰንብቶ ተነሳ።

«ሞተሩ እኮ የሚተነፍሰው የራሱን ትኩሳት ነው» አላት። «አንቺ አፍንጫሽን ምድጃ ውስጥ ከተሽ ሽቅብ ሩጪ ብትባይ ትሮጫለሽ?»

«ማን ነው ሽቅብ ሩጪ የሚለኝ?»

«ደንገጎ።»

ደንገጎ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ያለው ዳገት ነው፣ ሸዋገነትም መኪናዋም አይወዱትም። ልጃቸው ሶፊ ሐረር የተዳረች ጊዜ፣ የቅልቅሉ ዕለት፣ ፔጆዋ እዚያ ዳገት ላይ ፈልታ ቆመችና የሙሽራይቱ አባትና እናት ጫት አራግፎ በሚመለስ አይሱዙ ላይ ተጭነው ደረሱ። ሸዋገነት በጥልፍ ቀሚሷ ሆና የጫት ገራባ ከፀጉሯ እየለቀመች ስትገባ፣ የሙሽራው እናት ወለተ ጊዮርጊስ በሰው ሁሉ ፊት «ድሬዎቹ ገራባቸውን ይዘው መጡ» አለች። ሰው ሳቀ። ወለተ ጊዮርጊስ እንኳን ሰው ገንፎም ታማለች። «የቆላ ሰው ገብስ የት ያውቃል፣ አሸዋ ነው የሚያገነፋው» ማለቷን አንዲት ዘመድ ሳትውል ሳታድር ለሸዋገነት አድርሳላታለች። እግዜር ይስጣት፣ ወሬ የምታደርስ ሰው ባትኖር ማን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሸዋገነት ለራሷ ምላለች። ሶፊ ስትወልድ የአራስ ገንፎዋ በእናቷ እጅ፣ በእናቷ ዱቄት ነው የሚገነፋው። የልጇ ሆድ ሲገፋ ገብስ ከቁሉቢ አስመጣች፣ ለቀመች፣ ፈተገች፣ ቆላች፣ አስፈጨች። ላስቲክ ዱቄት ያሻግታል ብላ ከአቡጀዲ ከረጢት ሰፋችለት። ሶፊም በስልክ «እማዬ፣ አንቺ ሳትደርሺ አላስገነፋም። አማቴ ግን በየቀኑ ዱቄቷን እያሳየችኝ ነው» ትላለች። ስለዚህ ልጅቷ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ በምትገባበት ቀን እዚያ መገኘት ነው። ሌላ ነገር የለውም።

«በሚኒባስ እንሄዳለና» አለች ሸዋገነት።

«ወለተ ጊዮርጊስ ደጅ ከሚኒባስ ልወርድ? መኪና ያለኝ ሰውዬ?»

«መኪና የለህም። ደንገጎ ድረስ የምታደርስ ጀበና ነው ያለችህ።»

«ለዚህ አይደል ቱቦው» አለና ተመልሶ ገባ።

ጎረቤታቸው አብዱላሂ አጥር ተደግፎ ያያል። እንደዚህችው ያለች ፔጆ ታክሲ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው፣ አሁን ባጃጅ ገዝቶ ተገላግሏል።

«ዋሪያ ኃይሌ፣ ፈረንጁ የቱቦውን አፍ የት ነው የከተተው?»

«ከፊት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ።»

«አንተስ?»

«የፈረንጅ አገር አስፋልቱም ይቀዘቅዛል። ድሬ ከመሬት የሚነሳው አየር እሳት ነው፣ አሸዋም አለበት። እስቲ አንተ ሲሞቅህ የት ትገባለህ?»

«ጥላ ውስጥ።»

«መኪና ላይ ጥላው የት ነው?»

አብዱላሂ አሰበበት። «ውስጥ ነዋ።»

«እሱ ነው» አለ ኃይለመለኮት፣ የልብ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው። የመኪናዋ ማሞቂያ ድሮ ተነቅሏል፣ ድሬ ላይ ማሞቂያ የሚፈልግ ማን አለ። ቀዳዳው ግን ቀርቷል። ቱቦውን ከሞተሩ አየር መሳቢያ፣ ከፊልትሮው አፍ አስነስቶ፣ በዚያ ቀዳዳ አሾልኮ ወደ ውስጥ አስገባው። ዝንብ እንዳይገባበት ብሎ የሸዋገነትን የሻይ ማጥለያ ቆርጦ አፉ ላይ በሽቦ አሰረ።

«ወላሂ እዚያ ጋ እኮ ሚስትህ ነች እግሯን የምታስቀምጠው» አለ አብዱላሂ።

«እሷ ምን ይጎድልባታል። አየሩን አትበላው።»

ሸዋገነት ይህን ሁሉ ከደጃፏ ሆና ሰማች። የሻይ ማጥለያዋን ስትፈልግ ያረፈደችው ለካ ለዚህ ነው። ግን ምን ይደረጋል፣ ከኃይለመለኮት ጋር ስለ መኪና መነጋገር ከግድግዳ ጋር ዕቁብ መግባት ነው።

አማቿ፣ የሶፊ ባል፣ የደወለ ጠዋት፣ ሴት ልጅ መወለዷንና እናቲቱ የዚያኑ ቀን ከሆስፒታል እንደምትወጣ ሲነግራት፣ ሸዋገነት እልልታዋን ሳትጨርስ ጓዟን መጫን ጀመረች። ቅቤው ከኋላ፣ ማሩ ከኋላ፣ የሕፃን ልብሱ ከኋላ። ዱቄቱን ግን ለማንም አላመነችም፣ ታቅፋው ከፊት ገባች።

ድሬን ሳይወጡ ጉዱ ጀመረ። ኃይለመለኮት ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ቱቦው ከእግሯ ስር አስም እንዳለበት ሽማግሌ ሲር ሲር ይላል።

«ሰማሽው? ሲተነፍስ?»

«ደንቆሮ ካልሆንኩ።»

ዳገቱን ሲይዙ ባሰ። የሐበሻ ቀሚሷን ጫፍ ስቦ ማጥለያው ላይ ለጠፈው። አላቀቀች። ደግሞ ሳበው። እግሯን ብታነሳ ጉልበቷ አመማት፣ ብታወርድ ጥለቱን ያዘባት።

«ኃይለመለኮት፣ ይሄ ቱቦህ ባለጌ ነው። ቀሚሴን ሊያወልቅ ነው።»

«ተይው፣ ይሳብ። መንገድ አትዝጊበት።»

«በዚህ ዕድሜዬ ከቱቦ ጋር ልታገል?»

«ሴትዮ፣ ዳገት ላይ ነኝ።»

እሷም ተበሳጨች። የዱቄቱን ከረጢት ከጭኗ አወረደችና ቱቦው አፍ ላይ ግጥም አድርጋ አስቀመጠችው። ሲርታው ጸጥ አለ። ቀሚሷም ተላቀቀ። ሸዋገነት እግሯን ዘርግታ ወደ ኋላ ተደገፈች፣ ከቤት ከወጡ ገና አሁን አረፈች።

ዕረፍቷ ዕድሜ አልነበረውም። መኪናዋ ሳለች። ኃይለመለኮት ማርሽ ቀየረ፣ ደግማ ሳለች። ከኋላ ጥቁር ጭስ ለቀቀች፣ ተንደፋደፈችና መታጠፊያው ላይ ቀጥ።

«አልፈላችም» አለ ኃይለመለኮት የሙቀቱን ጌጅ እያየ። «እንደውም አልሞቀችም። ታዲያ ምን ሆነች?»

ኮፈኑን ከፈተ። ካንዴላ ፈታ፣ አሸው፣ መለሰ። የነዳጁን ጎማ ነቅሎ ጠባ፣ ተፋ። ቁልፍ ሲያዞር ትንሽ ታጉረመርምና ትሞታለች። ካርቡራተሩን ሊፈታ መሬት ላይ ጨርቅ አነጠፈ፤ ጨርቅ ያለው የሸዋገነትን ጋቢ ነው። ዝንጀሮዎች ከአለቱ ላይ ወርደው የመንገዱ ጥግ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ልክ እንደ ለቀስተኛ። ሸዋገነት በልቧ ሐረር ደርሳለች። ልጇ ቤት ስትገባ ታያታለች። ወለተ ጊዮርጊስ ድስቱን ስትጥድ ታያታለች።

ሚኒባስ መጣና ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አወጣ። «ሐረር አንድ ሰው! እናት፣ ግቢ፣ ቦታ አለሽ።»

«ሂጂ» አለ ኃይለመለኮት ቀና ሳይል። «እኔ አስተካክዬ እደርስብሻለሁ።»

ሸዋገነት አላመነታችም። ዱቄቷን ልታነሳ ወደ መኪናው ጎንበስ አለች። ከረጢቱ ቀለላት። ታቅፋው ስትወጣ እንደ ነፍሰ ጡር ተነፍቶ ነበር፣ አሁን ግማሹ ተልፈስፍሷል። ወለሉን አየች፣ የፈሰሰ ነገር የለም። ስፌቱን ዳሰሰች፣ አልተተረተረም። ከዚያ የሻይ ማጥለያዋን አየች። ነጭ ሆኗል። የሻይ ማጥለያ ዝንብ ይከለክላል እንጂ ዱቄት አይከለክልም፤ ሽመናው የሳሳ አቡጀዲም እንዲሁ።

ገባት።

«እናት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ቆመሽ ትመርቂናለሽ?» አለ ረዳቱ።

አንድ እግሯ ሚኒባሱ ላይ ነው። ብትሄድ ለገንፎው ትደርሳለች። ብትሄድ ግን ይሄ ሰውዬ ሞተሩን አንድ በአንድ ይፈታል፣ ምክንያቱን አያገኘውም፣ ሲመሽ ዝንጀሮ ብሎን ሲያቀብለው ይገኛል። ብትናገር ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ አይተዋትም፣ ቱቦዬን በገንፎ ያነቀች እያለ ለሰው ሲያወራ ይኖራል። ኃይለመለኮትን አየችው። ካርቡራተሩን አቅፎ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ብሎን ጠፍቶበት ጋቢዋን ይዳብሳል።

እግሯን አወረደች። «ሂድ በለው» አለችው ረዳቱን። ሚኒባሱ ጥሏት ወጣ። ሸዋገነት እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ፊልትሮውን ክፈተው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ፊልትሮ የት ታውቂያለሽ?»

«ክፈተው አልኩህ።»

ከፈተው። ውስጡ ቅዳሜ ገበያ ያለ ወፍጮ ቤት መስሏል። ኃይለመለኮት በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ምላሱ ላይ አደረገ።

«ገብስ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የተቆላ።»

«በደንብ የተቆላ» አለች ሸዋገነት።

አንዱ ዝንጀሮ ቀረብ አለ።

«ከረጢቱን ቱቦዬ ላይ አደረግሽው?»

«ቱቦህን እግሬ ላይ አደረግከው?»

ኃይለመለኮት ፊልትሮውን ድንጋይ ላይ ደበደበ፣ በአፉ እፍ እያለ አራገፈ፣ ዱቄቱ ተመልሶ ፊቱ ላይ ቦነነ። ቱቦውን ነቅሎ ካርቡራተሩን መለሰ። ቁልፍ ሲያዞር መኪናዋ አንዴ አስነጠሰችና ተነሳች። እየሄዱ በመስተዋት ሲያዩ ዝንጀሮዎቹ ድንጋዩን ከበው ይልሳሉ። ወለተ ጊዮርጊስ ሳትቀምሰው ዝንጀሮ ቀመሰው።

«ጣለው ያንን ቱቦ» አለች ሸዋገነት። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከሕፃኗ ልብስ ጋር ተኝቷል።

«ሐሳቡ ትክክል ነው። ያበላሸው ዱቄቱ ነው።»

ሸዋገነት እስከ ሐረር ከረጢቱን በእጇ ስትመዝን ሄደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷማ የምትለቅመውም የላት።

ሶፊ ገብታ ተኝታለች። ግቢው በሴት ተሞልቷል። ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፉ ላይ ቆማለች። በዚያ አገር ሰው ሁሉ አንተ አንቺ ነው የሚባባለው፣ እሷ ግን ሸዋገነትን ልታርቃት ስትፈልግ አንቱ ትላታለች።

«ደህና ገቡ? ውሃው ፈልቶ ሁለቴ ነጠፈ እኮ። ልጅቷ እምቢ አለች እንጂ እኛማ ገንፍተን ነበር። ዛሬስ በምን መኪና መጡ?»

ሸዋገነት ከረጢቱን ዘረጋች። ወለተ ጊዮርጊስ ተቀብላ አነሳ ጣል አደረገችው። ግቢውን ሙሉ ሴት አየች፣ ከረጢቱን አየች።

«ይቺ ለአራሷ ብቻ ነች?»

ሸዋገነት ዱቄት አበድሪኝ ማለት ነው የቀራት፣ ያውም ለዚህች ሴት። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ሳለ ኃይለመለኮት ከኋላዋ ገባ። ጺሙ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ፣ አፍንጫው ነጭ ነው።

«ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

«የቀረውን ዱቄት ያመጣልሽ እሱ ነው» አለች ሸዋገነት። ከዚያ ደከማትና አንዱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጣራው ቱቦ ጀምራ አወራችው። ፈረንጁን አወራች፣ ጥላውን አወራች፣ ቀሚሷን ሲጎትት በእጇ እያሳየች አወራች። ዝንጀሮዎቹ ጋ ስትደርስ ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልቻለችም፣ ግድግዳ ይዛ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ በማርያም፣ የሻይ ማጥለያሽንም?»

«ቆርጦ።»

«የኔው ባል ደግሞ የልብስ መስቀያ ሽቦ ነው የሚወድ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ እና የራሷን የዱቄት ጆንያ ፈታ ከሸዋገነት ገብስ ላይ ደባለቀችው። ማን ምን ያህል እንደጨመረ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማማሰያውን ግን ለሸዋገነት ሰጠቻት።

ገንፎው ቀርቦ፣ ሶፊ ጎርሳ፣ ሕፃኗ በሸዋገነት ክንድ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ሁለቱ ባሎች ከቤት መጥፋታቸው ታወቀ። ከውጪ የአሮጌ ላዳ ኮፈን ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

«እና ቱቦው አሁን የት አለ?» የወለተ ጊዮርጊስ ባል የኒቆዲሞስ ድምፅ ነው።

«ይዤዋለሁ» አለ ኃይለመለኮት። «ላዳ ላይማ እንደውም ይመቻል።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ወለተ ጊዮርጊስ ተነሳች፣ የተረፈውን ዱቄት አፉን አሰረች፣ የሻይ ማጥለያዋን ከምስማሩ አወረደች፣ ሁሉንም ጓዳ አስገብታ ቆለፈችና ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።